ሾላ በድፍን፣ ጉንዳን በመንጋ

ጉንዳን ሲፈላ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር የለም። በከፋ ወይም በኢሉባቦር ጫካ፣ ዝናብ ባራሰው የእግር መንገድ ላይ ያ የሚርመሰመስ ጠይም መስመር ሲያቋርጥ ያየ ሰው መጀመሪያ እግሩን ያነሣል፣ ቀጥሎ ሱሪውን ያራግፋል፣ ከዚያ ይራገማል። ንብ አናቢ ከሆነ ለእርግማንም ጊዜ የለው፤ አመድ ዘግኖ ወደ ቀፎው ይሮጣል። ጉንዳን ቤት ከገባ ደግሞ ሙግት የለም። ባለቤቶቹ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ጫጩታቸውን ሰብስበው ይለቁለታል፤ በረሮውን፣ ቁንጫውን፣ አይጡን ጠራርጎ እስኪያልፍ ደጅ ይቆያሉ። ተመልሰው ሲገቡ ቤቱ በሰው እጅ እንዲያ ጸድቶ አያውቅም። የጉንዳን ግርማ ብዛቱ ነው። ብቻዋን የቀረች አንዲት ጉንዳን ማንንም ከመቀመጫው አታስነሣም።

የሾላ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ሾላ አንድ ሁለት እየተባለ ይለቀማል፣ አንድ ሁለት እየተባለ ይበላል። ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፉ ላይ ተንዠርግጎ ሲቀላ እረኛው፣ ጉሬዛው፣ የሌሊት ወፉ ይሻሙበታል። ሰብሮ እያየ የሚበላ ግን ጥቂት ነው፤ የሰበረ እንደሆነ የሚያየውን ያውቃላ! ሾላ በድፍን የምንለውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ውስጡን ያየ ሰው መዋጥ ያስቸግረዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው በቁጥር ጉዳይ ነው። አንዱ የጫካ አስፈሪ፣ ሌላዋ በሾላ ውስጥ የምትኖር፣ ቁመቷ 2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች፣ ሕዝቡ ትንኝ ወይም ትል ብሎ የሚያልፋት ተርብ ናት። በሁለቱም ላይ ቆጠራችን ይስታል። ብዙ ባልንበት ስፍራ አንድ ነገር አለ፤ አንድ ባልንበት ስፍራ ብዙ ሕይወት አለ። አንድ ፍጡር የት ጀምሮ የት ያልቃል? ቆዳችን ላይ ያልቃል ብለን የምናምነው እኛ ሰዎች ስለሆንን፣ ቆዳችንም ስለሚታየን ይሆናል።

ከጉንዳኑ ልጀምር። መስመሩን ጎንበስ ብሎ ላየው (ራቅ ብሎ ነው ታዲያ) መሃሉን ትናንሾቹ ይሮጡበታል። ከሆዳቸው ሥር ነጭ እጭ ያንጠለጠሉ አሉ፣ የተቆራረጠ የምድር ትል የሚጎትቱ አሉ። ግራና ቀኙን ራሰ ትልልቆቹ ወታደሮች መንጋጋቸውን ወደ ላይ ከፍተው፣ እርስ በርስ ተቆላልፈው ቆመዋል። መንገዱ የራሱን ግድግዳ የሠራው ከራሱ አካል ነው። የወታደሯ መንጋጋ ከነከሰ አይለቅም፤ ገላዋ ተቆርጦ እንኳ ራሷ ሥጋ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። በምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ ጠባይዋን አይተው የተሰነጠቀ ቁስል የሰፉባት ሕዝቦች አሉ።

እኒህ ሁሉ ዕውሮች ናቸው። ሊቃውንት ዶሪለስ በሚሉት በዚህ ወገን ሠራተኛዋም ወታደሯም ዓይን የላትም። ንግሥቲቱም ዕውር ናት፣ ክንፍም የላትም። መንገድ የሚታወቀው በጠረን ነው፤ ፊተኛዋ የተወችውን ኋለኛዋ ትከተላለች፣ እየተከተለችም ታድሰዋለች። የሚያዝ የለም። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ጉንዳን ሲልከው፣ አለቃና ገዥ ሳይኖራት መሥራቷን ለይቶ አንሥቷል። እሱ ያያት እህል ሰብሳቢዋን እንጂ ይህችን ሥጋ በሊታ አይመስለኝም፤ ትዝብቱ ግን ለዚህችም ልክ ነው። ንግሥት የምንላት አትነግሥም፣ ትወልዳለች። በአንዳንዱ ዝርያ በወር 3 ወይም 4 ሚሊዮን እንቁላል እንደምትጥል ተገምቷል፤ መንጋውም እስከ 20 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ሁለት ሦስት ትልልቅ ከተማ የሚሞላ ሕዝብ፣ አንዲት እናት፣ አንድም አዛዥ የለ።

ከዚህ መስመር አንዷን አውጥተው ራቅ ያለ ቦታ ቢያኖሯት ትዞራለች። ጠረኑን ፍለጋ ትዞራለች፣ ካላገኘችው ትሞታለች። በብዛት ሆነውም መንገዱ ከተጣመመ ያው ነው። አሜሪካዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዊሊያም ቢብ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፉ በጋያና ጫካ ያየውን ጽፏል። የዚያ አገር ዘማች ጉንዳኖች የራሳቸውን ጠረን መልሰው አግኝተው፣ ዙሪያው 365 ሜትር ያህል በሆነ ክብ ላይ ይሽከረከሩ ነበር። አንዷ ጉንዳን አንዱን ዙር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። እንዲያ ሲዞሩ ሁለት ቀን ሆናቸው፤ አብዛኞቹ እዚያው ረገፉ። እያንዳንዷ ትክክል ነበረች፤ ፊቷ ያለችውን ተከትላለች። የሳተው ክቡ ነው።

ዳርዊንንም ያስጨነቀችው ይህችው ናት። እ.ኤ.አ. በ1859 የዝርያዎችን አመጣጥ ሲጽፍ ንድፈ ሐሳቡን ሊገድልበት የሚችል ችግር ብሎ ካነሣቸው አንዱ የማትወልደዋ ሠራተኛ ነበረች። የማይወልድ ፍጡር ጠባዩን ለማን ያወርሳል? ያን ጊዜ ምሳሌ አድርጎ የጠራው የምዕራብ አፍሪካን ጉንዳን ነው። በአንድ ጎጆ የሚኖሩትን የሠራተኞች መጠን ልዩነት ለአንባቢው ለማሳየት ቤት የሚሠሩ ሰዎችን እንዲያስብ ጠየቀው፦ ብዙዎቹ ቁመታቸው 5 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ 16 ጫማ፣ የትልልቆቹ ራስ ከትናንሾቹ አራት እጥፍ፣ መንጋጋቸውም አምስት እጥፍ ሊሞላ የቀረው። እነዚህ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። ዳርዊን የደረሰበት መልስ ምርጫው በግለሰቧ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡም ላይ ይሠራል የሚል ነው። የምትጠቅም ሠራተኛ ያለችው ቤት ይተርፋል፣ የተረፈውም ቤት ያችን መሰል ሠራተኛ መውለዱን ይቀጥላል።

ከዚህ ተነሥቶ መንጋውን እንደ አንድ ገላ ማየት አንድ እርምጃ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የጉንዳን ሊቅ ዊሊያም ሞርተን ዊለር እ.ኤ.አ. በ1911 ያንኑ እርምጃ ተራመደ፤ የጉንዳን መንጋ ራሱ አንድ ሕያው አካል ነው አለ። ንግሥቲቱ ማኅፀን፣ ሠራተኞቹ እጅና አፍ፣ ወታደሮቹ ጥፍር መሆናቸው ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። አንደኛ፣ የአንድ ገላ ሕዋሳት ሁሉ የአንድ ዘር ቅጂ ናቸው፤ የጉንዳን ንግሥት ግን በወጣትነቷ ከብዙ ወንዶች ትፀንሳለች፣ ሠራተኞቹም የአንዲት እናት የብዙ አባት ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ይብሳል። በኬንያ ተራራ አካባቢ በሚኖር የዶሪለስ ዝርያ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ንግሥት የሞተችበት መንጋ ምን እንደሚሆን አሳይቷል። ነቅሎ ይነሣና ከጎረቤት መንጋ ጋር ይቀላቀላል። ትናንት የሌላ የነበረችዋን እናት ዛሬ ይመግባል፣ ለእሷም ይዘምታል። ልቡ የቆመ ሰው ጎረቤቱ ደረት ውስጥ ገብቶ መኖር ሲቀጥል አላየንም። ስለዚህ ጉንዳኑ አንዷም አይደለም፣ ገላም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለ፣ እኛ ልክ ያላበጀንለት ነገር ነው።

ወንዱ የቀረው ጨዋታ ነው። ወንድ ጉንዳን ክንፍ አለው፣ ትልልቅ ዓይን አለው፣ ሆዱ ረጅምና ድቡልቡል ነው፤ በሌሊት መብራት ሲያይ እየተላተመ ይመጣል። ያየው ሰው የእነዚያ ዕውሮች ወንድም ነው ብሎ አይገምትም። ስዊድናዊው ሊኒየስ፣ ለፍጥረት ሁሉ ስም ያወጣው ያ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1764 ከዚህ ወገን አንዱን ወንድ ሲመዘግብ ተርብ ብሎ ጻፈው። ስሕተት ነው፤ ግን ሙሉ ስሕተት አይደለም። ጉንዳን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ከተርብ ዘር ነውና፣ ሾላ ውስጥ ያለችው ተርብና መንገድ ላይ ያለው ጉንዳን እሩቅ ለእሩቅም ቢሆን ዘመዳሞች ናቸው።

አሁን ሾላውን እንክፈተው። የሾላ ወገን ሰፊ ነው፤ ዋርካውም ባምባውም ከዚያው ናቸው፣ በዓለም ላይ ከ750 የማያንስ ዝርያ አለው። እዚህ የማወራው አንዳንዱ ሾላ፣ አንዳንዱ ባምባ፣ ኦሮሞ ደግሞ ኦዳ ብሎ ጥላው ሥር ስለሚሸንግለት ዛፍ ነው። ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ እያለ በቢላ ለሁለት ቢከፍሉት ፍሬ የምንለው ነገር ፍሬ እንዳልሆነ ያሳያል። ውስጡ ባዶ ሆኖ ግድግዳው ዙሪያውን በጥቃቅን አበባ ተሸፍኗል፤ በመቶ፣ አንዳንዴም በሺሕ የሚቆጠር አበባ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ፀሐይ ሳያየው ያብባል። ለዚህ ነው የሾላን አበባ ያየ ሰው የማይገኘው። ጫፉ ላይ በቅርፊት የተደራረበ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ ሌላ በር የለም።

በዚያ በር የምትገባው ተርቧ ናት። ትገባለች ማለት ቀላል ነው፤ ግን በቅርፊቱ መካከል ስትሾልክ ክንፏ ይነቀላል፣ የቀንዷም ጫፍ ይሰበራል። መውጫ እንደሌላት የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ውስጥ ስትደርስ ደረቷ ሥር ካሉ ሁለት ኪሶች የአበባ ብናኝ በፊት እግሮቿ እየዛቀች አበባው ላይ ታኖራለች፣ በዚያው እንቁላሏን አንድ በአንድ ወደ አበባው ትሰድዳለች። ነፋስ ወይም አጋጣሚ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ያዕቆብ ጋሊል የተባለ እስራኤላዊ የዕፀዋት ሊቅና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ይህችኑ ተርብ በቅርብ ተመልክተው፣ ኪሷን ሆን ብላ እንደምትሞላና ሆን ብላ እንደምታራግፍ ጽፈዋል። ሥራዋን ስትጨርስ እዚያው ትሞታለች። እንቁላል የገባበት አበባ እባጭ ሆኖ ተርብ ያሳድጋል፤ እንቁላል ያልደረሰው ዘር ይሆናል። ዛፉ የአገልግሎቷን ዋጋ የሚከፍለው በገዛ ዘሩ ነው።

ከሳምንታት በኋላ በመጀመሪያ የሚነቁት ወንዶቹ ናቸው። ክንፍ የላቸውም፣ ዓይናቸውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሴቶቹ ገና ከእባጩ ሳይወጡ ይገናኟቸውና፣ ተባብረው የሾላውን ግድግዳ ይሰረስራሉ፤ ዋሻውን ለእኅቶቻቸው ከፍተው ራሳቸው ያልቃሉ። ሴቶቹ ኪሳቸውን በብናኝ ሞልተው በዚያ ዋሻ ይበራሉ። ከዚያ በኋላ ያላቸው ዕድሜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። አይበሉም። ሌላ ሾላ፣ ያውም ልክ ለእነሱ በደረሰበት ሰዓት ላይ ያለ ሾላ ማግኘት አለባቸው። ካላገኙ አለቀ።

ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ እኔ ግን ኀዘኑ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ዕድሜዋን በቀን የምንለካው እሷን ለብቻዋ ስለቆረጥናት ነው። በእንግሊዝ በዋይት ደሴት የተገኘ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሾላ ተርብ ቅሪት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በደንብ ሲመረመር ዛሬ ካለችው የሚለይ አልሆነም፣ የብናኝ ኪሱ እንኳ በቦታው ነበር። ሁለት ቀን የምትኖረዋ ፍጡር ተራራ ሲነሣና ሲወድቅ አንዲት ሙያዋን አልለወጠችም። አብሯት የቆየው ዛፉ ነው። ያለሷ ዘር የለውም፣ ያለሱ ልጅ የላትም። ማንኛቸው ናቸው ሁለት የምንላቸው?

ለዚህ የሚሆን ፈተና ሰው ሳያስበው አድርጎታል። ይህ ዛፍ በጥንት ዘመን ወደ ግብጽና ወደ እስራኤል ምድር ሄዷል፤ ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት፣ ነቢዩ አሞጽም ፍሬውን እንደሚለቅም የተናገረለት ዛፍ ይኸው ነው። ተርቧ ግን እዚያ ሥር አልሰደደችም። በእኛ ወንዞች ዳር በዘሩ የሚበቅለው ዛፍ እዚያ ዘር የለውም። ሺሕ ዓመታት የቆየው ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ስለተከለው ነው። ፍሬውም ተርቧ ስላልገባችበት በወጉ አይበስልም፤ ግብጻውያን ጥሬውን በስለት ይጭሩትና በጥቂት ቀን ውስጥ ያብጣል፣ ይጣፍጣል። ጋሊል ይህንንም መርምሮ ምክንያቱን አግኝቷል፤ የተጫረው ሾላ ፍሬ የሚያበስል ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። እንግዲህ ሾላ ጫሪው ሰው የተርቧን ወንበር ይዞ ነበር ማለት ነው፣ በከፊል። ማብሰሉን ተካ፣ ማስወለዱን ግን መተካት አልቻለም። የአስከሬን ሣጥን የተሠራበት፣ አማልክት ጥላው ሥር የተሣሉበት ያ ትልቅ የግብጽ ዛፍ በሕይወቱ ግማሽ ነበር፤ ሌላው ግማሹ እዚህ ሾላችን ውስጥ ቀርቷል።

ሁለቱን አንድነቶች ሳነጻጽር የሚታየኝ ልዩነት ይህ ነው። የጉንዳን አንድነት የተመሳሳዮች ነው። እኅት ከእኅት ይቆላለፋል፣ ጠረኑ የማይመስለው ብዙ ጊዜ ይበላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ስንል የምናስበው ይህን ዓይነቱን ነው፤ መሪዎችም ሠራዊቶችም በየአገሩ የሚወዱት ይህንኑ ነው። የተርቧና የሾላው አንድነት ግን የማይመሳሰሉ ነው። አንዱ ሥር አለው አይንቀሳቀስም፣ ሌላዋ ክንፍ አላት አትቆይም። አንዱ ዘመን ይቆጥራል፣ ሌላዋ ሰዓት። ተዋደው አይደለም፤ ሒሳብ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፓናማ የወጣ ጥናት በዚያ አገር ሾላዎች ላይ እንዳሳየው፣ ብናኝ ሳትይዝ የገባች ተርብ እንቁላል የጣለችበትን ፍሬ ዛፉ ያረግፈዋል፣ ወይም ጥቂት ልጅ ብቻ ያሳድግላታል። ይህ ቅጣት ሁሉን አይዝም። በእኛው ዛፍ ውስጥ እንኳ ከታማኟ ተርብ ጋር በአንድ በር የምትገባ፣ አያቶቿ ብናኝ ያመላልሱ የነበሩ፣ እሷ ግን ብናኝ የማታኖር፣ እንቁላሏን ጥላ የምትሞት ዘመዷ አለች። ሌባ ያለበት ቤት ነው፤ ሆኖም ቆሟል። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ።

በዓርማና በሰንደቅ ላይ ንብ አለች፣ አንበሳ አለ። የሾላ ተርብ የለችም። ትንሽ ስለሆነች ብቻ አይመስለኝም፤ የእሷን ዓይነት ስምምነት ለሰልፍ ማስጮህ ስለማይቻል ነው።

ጉልበትን በተመለከተም ግምታችን ይገለበጣል። ጉንዳኑ ሁሉን ያሸንፋል፤ ነገር ግን መንጋ ሲከፈል አዲሲቱ ንግሥት በእግሯ ነው የምትሄደው፣ ክንፍ የላትምና። ሰፊ ወንዝ ካለ እዚያው ዳር ቀረች። ተርቧ ትንፋሽ የሚወስዳት ናት፤ ለዚያም ነው ሩቅ የምትደርሰው። በናሚብ በረሃ፣ በኡጋብ ወንዝ ዳር የበቀሉ የዚህችው ሾላ ዛፎች ላይ ተመራማሪዎች የዘር ምርመራ አድርገው፣ ተርቧ ብናኝ ከየት እንዳመጣች አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት እንደሚለው በአማካይ 89 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ እስከ 160 ኪሎ ሜትር የተጓዘችም ተገኝታለች። በነፋስ ላይ፣ ሳትበላ፣ ከሁለት ቀን ባነሰ ዕድሜ፣ ዙሪያው አሸዋ የሆነ ዛፍ ፈልጋ። የሃያ ሚሊዮን መንጋ በወራት የማይሄደውን መንገድ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ጫካ ውስጥ ሳይገናኙም አይቀሩም። በደቡብ አፍሪካ አንድ የሾላ ዝርያ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ሥራ አለ። ጉንዳኖች (ዘማቾቹ አይደሉም፣ ሌሎች ናቸው) ሾላው ላይ ተቀምጠው ጭማቂ የሚመጡ ነፍሳት የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልሱ ይወጣሉ። በዚያው ከውጭ እየወጉ ተርቧን የሚዘርፉትን ጥገኛ ነፍሳት ያባርራሉ፣ በውጤቱም ዘሩም ተርቧም ይበዛሉ። ጉንዳኗ ስለ ተርቧ አታውቅም፣ ተርቧም ስለ እሷ። ዋሻውን ቆፍረው ወደ ውጭ የሚወድቁትን ወንድ ተርቦች ደግሞ ሌላ ጉንዳን ይለቅማቸዋል። ይህን ሁሉ አንድ ነው ልበል? አልልም፤ እንዲህ ከቀጠልን ጫካው ሁሉ አንድ ነው ወደሚለው እንደርሳለን፣ ያ ደግሞ ሾላ በድፍን ነው። ድንበር አለ። እኛ ባሰመርነው ቦታ አለመሆኑ ነው እንጂ።

ድንበሩን ያለ ቦታው ማስመራችን የሚያስከፍለው ዋጋ የሚታወቀው ጫካ ሲቆራረጥ ነው። በእኛ አገር ገበሬው ሲመነጥር ዋርካና ሾላን ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ ለጥላ፣ ለሸንጎ፣ ለክብሩም። ማሳ መሃል የቀረው ያ ዛፍ ብቸኛ ይመስላል፤ በየአቅጣጫው በነፋስ ርቀት ላይ ሌላ ሾላ ካለ ግን ብቸኛ አይደለም። ብዙ ነው ያልነው ጉንዳን ነው ቀድሞ የሚጎዳው። በምዕራብ ኬንያ በካካሜጋ ጫካ ሁለት ዋና ዋና የዘማች ጉንዳን ዝርያዎች አሉ። ጫካው ወደ ቁራጭ ሲለወጥ አንዱ ይችለዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የሚሻው፣ ዶሪለስ ዊልቨርቲ የሚባለው ግን ይመነምናል። ከላይ ሲታይ የለውጥ ምልክት የለም፤ ጉንዳን እንደሆነ አሁንም መንገድ ያቋርጣል፣ ሰው አሁንም ሱሪውን ያራግፋል።

የተሰማቸው ወፎቹ ናቸው። ጉንዳን ሲዘምት ከቅጠል ሥር ሸሽተው የሚወጡትን ፌንጣና ሸረሪት እየለቀሙ የሚኖሩ፣ መንጋውን ከኋላ ከኋላ የሚከተሉ ወፎች አሉ። በካካሜጋ ቁርጥራጮች ውስጥ እነዚህ ወፎች ክፉኛ ቀንሰዋል። ዛፉ አለ፣ ፌንጣውም አለ፤ የቀረው ፌንጣውን የሚያስወጣላቸው ነው። መንጋውን አንድ ብለን ከቆጠርን ወፏን የት እንጨምራት? የጥበቃ ባለሙያዎች የጫካውን ፍጥረት ሲዘረዝሩ ጉንዳኑን በአንድ መዝገብ፣ ወፏን በሌላ መዝገብ ነው የሚያስፍሩት፤ በጀቱም የሚመደበው በየመዝገቡ ነው።